«ቦሌ የሚቀበለው ሰው ፈልግልኝ»

(ከጆሃንስበርግ የተላለፈ ሳምንታዊ ሐተታ፤ ከድምፅ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)

ዛሬ የማወራችሁ እንደ ወትሮው ስለ ፖለቲካው አይደለም። ርዕሱን ስሰማችሁ አንዳንዶቻችሁ ጣቢያ ትቀይሩ ይሆናል፤ መብታችሁ ነው። ልጅ ያላችሁ ግን እባካችሁ ትንሽ ታገሡኝ።

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ የማከብራቸው ሰው ደወሉልኝ። ጄፒን የምታውቁ፣ እዚያ ሃያ ዓመት ብርድ ልብስና መጋረጃ የሸጠ ሰው ማለት ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። ዕድር ውስጥ አሉ፤ ሬሳ ወደ አገር ሲላክ ገንዘብ የሚሰበስቡት እሳቸው ናቸው፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ቀርተው አያውቁም። «አንድ ነገር አስቸግርህ፤ ቦሌ የሚቀበለው ሰው ፈልግልኝ፤ ልጄን ልልከው ነው» አሉኝ። ለዘመድ ጥየቃ መስሎኝ «እሰይ፣ አገሩን ይይ እንጂ» አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ወረደና «ጸበል ነው የምልከው» አሉ። ምን አመመው ብዬ ጠየቅኩ። እንደገና ዝም።

ታሪኩን እንድናገር ፈቅደውልኛል። ስማቸውን እንዳላነሣና ሰው እንዳያውቃቸው አንዳንድ ነገር እንድቀይር ቃል አስገብተውኛል፤ አድርጌዋለሁ።

ልጁ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በአራት ዓመቱ ነው እዚህ የመጣው። አንድ ማታ እናቱ ቡና ስታፈላ አጠገቧ ተቀመጠና ነገራት። ልቡ ወደ ሴት እንደማያደላ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲሁ እንደሆነ፣ በጸሎትም በጾምም እንደታገለው። እናት ሦስት ቀን በሆዷ ይዛው ከረመች። በአራተኛው ቀን ለባሏ ነገረች። እሳቸው አልጮኹም፣ አልተማቱም። ያደረጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማዕድ ለዩ። የልጁ እንጀራ በሌላ ሳህን፣ ወጥ ቤት ውስጥ ለብቻው እንዲቀርብለት አዘዙ። ይህን ሲነግሩኝ ምንም እንዳላደረጉ ሰው ነበር የነገሩኝ። «አንድም ቀን እጄን አላነሣሁበትም» ነበር ያሉኝ። እኛ አገር ማዕድ መለየት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አላስተምርም።

መቼም በአማርኛ ይህን ነገር የምንጠራበት ስም ራሱ ፍርድ ነው። ስሙን ስንጠራ አንድ የተቃጠለ ከተማ አብረን እንጠራለን። ስለዚህ እኔ ዛሬ «ተመሳሳይ ፆታ የሚያፈቅር» እላለሁ። ይረዝማል፤ የሰውን ልጅ በስድብ ከመጥራት ግን ይሻላል። ስለዚያ ከተማም ካነሣን፣ ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 16 የሰዶምን በደል ሲቆጥር በመጀመሪያ የሚያነሣው ትዕቢትን፣ ጥጋብንና የድኃውን እጅ አለመያዝን ነው። ርኩሰትም ይጨምራል፤ አልደብቅም። ግን ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። በዘፍጥረትም ቢሆን ከተማው ወጥቶ በሌሊት የከበበው የእንግዶችን በር ነው። በሎኬሽን ሱቅ ያለው ኢትዮጵያዊ ይህን ታሪክ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ሌሊት በሩን የከበቡት ሰዎች ምን ብለው እንደሚጮኹ ሰምቷል።

እሑድ ከሰዓት እቤታቸው ሄድኩ። የሄድኩት ሃይማኖታቸውን ላስለውጣቸው አልነበረም። እኔ የነገረ መለኮት ሰው አይደለሁም፤ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ለማረም ሥልጣኑም እውቀቱም የለኝም። የሄድኩት ስለ ቲኬቱ ነው። «ጋሼ፣ ልጁን ወዴት እንደሚልኩት ያውቃሉ?» አልኳቸው። «ወደ አገሩ ነዋ!» አሉ።

ወደ አገሩ። እሺ። የአገራችን የወንጀል ሕግ፣ የ1996ቱ፣ አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ፆታ መካከል የሚፈጸም ድርጊትን በእስራት ይቀጣል፤ ነገሩ ከብዷል ከተባለ እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ሊደርስ ይችላል። የሃይማኖት መሪዎቻችን በታሪክ በብዙ ነገር ተስማምተው አያውቁም፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ግን ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ፕሮቴስታንቱም በአንድነት ወጥተው ክልከላው በሕገ መንግሥቱ ይግባልን ብለው ጠይቀዋል። እዚያ ያለው አየር ይህ ነው። በጸበሉ ቦታ ልጁ ላይ «ምን ሆኖ ነው የመጣው?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። መልሱ ከአንድ ሰው አፍ ከወጣ በኋላ ማን ይመልሰዋል? አባት ለፈውስ ብለው የቆረጡት ቲኬት ልጁን የሚወስደው ሕግ ከሚጠብቀው አገር ሕግ ወደሚያስረው አገር ነው።

ይህንን ስነግራቸው ሕጉን እንደማያውቁ ገባኝ። ጸበል ብቻ ነበር የታያቸው።

አሁን ስለምንኖርባት ከተማ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ለእሳቸውም የነገርኳቸው ይህንኑ ነው። ሂልብሮው ውስጥ ፕሪቶሪያና ትዊስት መንገዶች የሚገናኙበት ማዕዘን በአንድ ሰው ስም ተሰይሟል፤ ሳይመን ንኮሊ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1957 ሶዌቶ ተወለደ፤ በኋላ የኖረው ከጆሃንስበርግ በስተ ደቡብ ሴቦኬንግ ነው። ንኮሊ ስለ ልጅነቱ የጻፈው አንድ ነገር ከአእምሮዬ አይወጣም። በአፓርታይድ ዘመን ጥቁር ሰው የይለፍ ወረቀት ከሌለው ይታሰራል። ፖሊስ ለፍተሻ ሲመጣ ትንሹ ሳይመን ወላጆቹን ቁም ሣጥን ውስጥ አስገብቶ ይቆልፍባቸው ነበር። አስቡት፤ ልጅ ወላጆቹን ሲደብቅ። ሲያድግ ደግሞ እሱ ራሱ ሌላ ቁም ሣጥን ውስጥ እንደነበረ ገባው።

በሃያ ዓመቱ ገደማ ለእናቱ እውነቱን ነገራት። እናቱ ምን ያደረገች ይመስላችኋል? መጀመሪያ ሳንጎማ ጋር ወሰደችው፤ ሳንጎማ የዚህ አገር የባህል መድኃኒተኛ ነው። አልሆነም። ቀጥላ ቄስ ጋር ወሰደችው። በመጨረሻ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ቀና ብለው አዩኝ። መንገዱ የእሳቸው መንገድ ነው። የእኛን ጸበል ብቻ ነው የጎደለው። የሴቦኬንጓን እናት ክፉ ናት አልልም፤ ልጇ የታመመባት መስሏት የምታውቀውን በር ሁሉ አንኳኳች። ግን ሕመም አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ግንቦት 17 ቀን 1990 ከበሽታዎች ዝርዝር አውጥቶታል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ከዚያም ቀድሞ በ1973 አውጥቶታል። የሌለ በሽታ ፈውስ የለውም። ልጁ ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ደጅ ሲጎተት የሚማረው አንድ ነገር ነው፤ እናትና አባቴ እንደዚህ ሆኜ አይፈልጉኝም የሚለውን።

ይኼው ሳይመን እ.ኤ.አ. በ1984 ታሰረ። በዴልማስ የአገር ክህደት ችሎት ከ22 ተከሳሾች አንዱ ነበር፤ አብረውት ፖፖ ሞሌፌና «ቴረር» የሚባለው ፓትሪክ ሌኮታ ነበሩ። እስር ቤት ውስጥ ለጓዶቹ እውነቱን ሲነግራቸው አንዳንዶቹ ትግላችንን ታሰድብብናለህ ብለው ተቆጡ። ከዚያ ግን አብረው በሉ፣ አብረው ተኙ፣ አብረው ፍርድ ቤት ተመላለሱ፤ ሞትም ሊፈረድባቸው ይችል ነበር። ሌኮታ በኋላ ሲመሰክር፣ እንደ ሳይመን ያሉ ሰዎች አፓርታይድን ለመጣል ትከሻቸውን ሰጥተው ሲያበቁ እንዴት ብለን በአዲሱ አገር እናገልላቸዋለን የሚል ሐሳብ ነበር የሰጠው። ልብ በሉ፣ ያንን ሰው ክርክር አላሳመነውም። አብሮ መኖር ነው ያሳመነው።

ሳይመን በ1988 ነጻ ወጣ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 13 ቀን 1990 እሱና ቤቨርሊ ዲትሲ ከሌሎች ጋር ሆነው የጆሃንስበርግን የመጀመሪያ ሰልፍ መሩ። 800 ሰው ገደማ ነበር። አንዳንዱ ሰልፈኛ ወላጆቹ ወይም አሠሪው እንዳያውቁት ራሱ ላይ የወረቀት ከረጢት አጥልቆ ነበር የወጣው፤ ዓይኑ በሚሆንበት ሁለት ቀዳዳ። ነጻነት ፈልጎ አደባባይ ወጥቶ ፊቱን ከእናቱ የሚደብቅ ሰው! ያ ፎቶግራፍ የሚነግረን ስለ ሰልፈኛው ብቻ አይደለም። ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን ስለሚያዩት እናትና አባትም ጭምር ነው።

ሳይመን በኤድስ ሕመም እ.ኤ.አ. ኅዳር 30 ቀን 1998 አረፈ። ልክ በስምንተኛ ዓመቱ፣ ኅዳር 30 ቀን 2006፣ ተመሳሳይ ፆታ ያላቸው ሰዎች በሕግ እንዲጋቡ የሚፈቅደው የደቡብ አፍሪካ ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። በአፍሪካ የመጀመሪያው ነው።

የዚህ አገር ሕገ መንግሥት አንቀጽ 9ን ብዙዎቻችን አንብበነው አናውቅም። ማንም ሰው አድልዎ አይደረግበትም ይልና ምክንያቶቹን ይዘረዝራል፤ ዘር፣ የትውልድ ምንጭ፣ ቀለም፣ የፍቅር ዝንባሌ፣ ሃይማኖት፣ ቋንቋ፣ ልደት። ሁሉም በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ናቸው። «ማንኛውም ዜጋ» አይልም፤ «ማንኛውም ሰው» ነው የሚለው። ጋሼን ሱቃቸው ሲዘረፍ «መጤ ነህ» ብሎ ፖሊስ እንዳያባርራቸው የሚከላከልላቸው ዓረፍተ ነገር እና ልጃቸውን የሚከላከልለት ዓረፍተ ነገር አንድ ነው። ለእኔ ሲሆን ይቁም፣ ለልጄ ሲሆን ይቀደድ ማለት አይቻልም።

ሕግ ብቻውን አያድንም፤ እናውቃለን። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 28 ቀን 2008 ከጆሃንስበርግ በስተ ምሥራቅ ክዋቴማ በሚባለው ሎኬሽን ዩዲ ሲሜላኔ ተገደለች። ለሴቶች ብሔራዊ ቡድን፣ ለባንያና ባንያና የተጫወተች፣ ዳኛ ለመሆን ትሠለጥን የነበረች የ31 ዓመት ሴት ናት። ሴት እንደምታፈቅር ሰፈሩ ያውቅ ነበር። ደፍረው፣ በስለት ወግተው ገደሏት። ከዚያ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ ግንቦት 11 ቀን፣ አሌክሳንድራ ላይ የውጭ ዜጎችን ማሳደድ ተጀመረ፤ ስድሳ ሁለት ሰው አለቀ፤ የኛም ሰዎች ሱቅ ተቃጠለ። ያንን ጊዜ እዚህ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። በዚያ ወር በጆሃንስበርግ ዙሪያ ሌሊት የሚታደነው ሰው ማን ነበር? እኛ ነበርን፤ እነሱም ነበሩ። የዩዲ እናት ከዚያ ወዲህ ለዓመታት ስለ ልጇ በአደባባይ ተናግራለች።

«ጋሼ፣ ይህች ከተማ ለልጅዎ ውጭው አደገኛ ነው። እቤቱም አደገኛ ከሆነበት የት ይግባ?» አልኳቸው። አልመለሱልኝም። እትዬ ከወጥ ቤት ብቅ ብለው «እኔም እሱን ነው የምለው» አሉና ተመለሱ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ አንድ ቃል አልተናገሩም ነበር።

አንድ ጥናት ልጥቀስ፤ ብዙ ቁጥር አልወድም፣ ይቺን ግን ስሙኝ። አሜሪካ ውስጥ ኬትሊን ራያን የምትባል ተመራማሪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት፣ በጉርምስናቸው ከቤተሰባቸው ከባድ መገፋት የደረሰባቸው እንደነዚህ ያሉ ወጣቶች፣ ብዙም ካልተገፉት ጋር ሲነጻጸሩ ራሳቸውን ለማጥፋት የመሞከራቸው ዕድል ከስምንት እጥፍ በላይ ነበር። መገፋት ሲባል ዱላ ብቻ አይደለም፤ ከቤተሰብ ነገር ማግለልም ነው። ማዕድ መለየት ማለት ነው በእኛ ቋንቋ። እኚሁ ተመራማሪዎች ሃይማኖታቸውን አጥብቀው ከያዙ ቤተሰቦች ጋር ለብዙ ዓመት ሠርተዋል፤ እምነታችሁን ጣሉ አይሏቸውም። መገፋቱን ቀንሱ ነው የሚሏቸው።

ጋሼ በመጨረሻ የጠየቁኝ ጥያቄ ስለ እግዚአብሔር ይሆናል ብዬ ነበር። አልነበረም። «የዕድሩ ሰው ቢሰማ ምን እላለሁ?» አሉኝ። ይሄ ነው እንግዲህ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ኃጢአትና ስለ ጸበል ስናወራ ከሥር የነበረው ይሉኝታ ነው። አልፈርድባቸውም። በስደት ላይ ያለ ሰው ያለው ስሙ ብቻ ነው፤ ሱቁ ሊቃጠል ይችላል፣ ወረቀቱ ሊሰረዝ ይችላል፣ ስሙ ግን ሲሞት ሬሳውን አገሩ የሚያደርስለት እሱ ነው። ልጃቸውን ሲያዩ የሚታያቸው ያ ሁሉ ሲፈርስ ነው። ግን ከዕድሩ ሰው መካከል ስንቱ ነው እንደሳቸው በሆዱ ይዞ የሚኖር? እኔ ይህን ፕሮግራም ካስተዋወቅን ወዲህ ብቻ ሌሎች ሁለት ወላጆች ደውለውልኛል። አንዷ ከአትላንታ ነው የደወለችው፤ ስሟን ሳትነግረኝ አልቅሳ ዘጋችው።

ስለ እምነት ግን ዝም ብዬ አላልፍም። አንዳንዱ «መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ትፍቀድ፣ ከዚያ እቀበላለሁ» ይላል። ዴዝሞንድ ቱቱን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1985 እና በ86 የዚህች የጆሃንስበርግ ጳጳስ ነበሩ። በ2013 ኬፕታውን ላይ ሲናገሩ፣ እንዲህ ያሉ ሰዎችን የሚጠላ ገነት ቢኖር እምቢ ብዬ ወደ ሌላው ስፍራ እሄዳለሁ ብለው ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ ልጃቸው ምፎ፣ ራሷም ቄስ የነበረችው፣ ሆላንድ ውስጥ ሴት አገባች። ቤተ ክርስቲያናቸው ሕጓን አልለወጠችም። ምፎ በ2016 የክህነት ፈቃዷን ለመመለስ ተገደደች። አባቷ ግን አባቷ ሆነው ቀሩ። ቱቱ የኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው አልነበሩም፣ በአባባላቸው የማይስማማ ብዙ ሰው እንዳለም አውቃለሁ፤ ጋሼም አልተስማሙም። «ይህቺንስ አበዙት» ነው ያሉት። እኔ የማነሣው ለአንድ ነገር ነው፤ ቀኖናው እስኪለወጥ ልጁን በር ላይ አቁሞ የሚጠብቅ አባት የቤተ ክርስቲያንን ሥራ አልሠራም፣ የራሱንም ትቷል። የንስሐ አባት የንስሐ አባት ነው፤ አባት ደግሞ አባት ነው። ሁለቱ አንድ ሥራ የላቸውም።

ቲኬቱ ቀረ። ገንዘቡ አይመለስም አሏቸው፤ በዚህ ለሳምንት ተናደዋል፤ ከልጁም ነገር ይልቅ እሱ የከነከናቸው ይመስል ነበር። ሐሳባቸውን ለውጠዋል ብዬ አልዋሻችሁም። ዛሬም «ኃጢአት ነው» ይላሉ። ስሙንም ሊጠሩት አይፈልጉም፤ «ያ ነገር» ነው የሚሉት። እናትየዋ ግን በዚያው ሳምንት አንድ ቀን ሁለተኛውን ሳህን አላወጡም። በአንዱ ትሪ የሦስቱንም አቀረቡና ተቀመጡ። ጋሼ አዩ፣ ምንም አላሉም፣ ባረኩ፣ በሉ። ልጁ ከዳር ከዳር ትንሽ ቀምሶ ተነሣ። በማግሥቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን እናቱ አጎረሱት። ይህን የነገሩኝ እትዬ ናቸው።

ባለፈው ቅዳሜ ዛሬ ይህን እንደምናገር ለማሳወቅ ወደ ጋሼ ደወልኩ። ከኋላ የጄፒ ጫጫታ ይሰማል፤ ክረምቱ እየመጣ ስለሆነ የብርድ ልብስ ገበያ ደርቷል። «ልጁስ?» አልኳቸው። «እዚህ ነው፣ ዕቃ እያራገፈ ነው። ቆይ፣ አንተው አናግረው» አሉና ስሙን ጠርተው ስልኩን ሰጡት።